ጌጁ ዜሮ እያነበበ ግፊቱ ከየት መጣ? በነዳጅ ጉድጓድ ጥገና ላይ ታፍኖ ስለሚቀር ግፊት

ጥያቄ፦ «በምዕራብ ቴክሳስ በአንድ ወርክኦቨር (የጉድጓድ ጥገና) ሪግ ላይ ፍሎርሃንድ (የሪግ ወለል ሠራተኛ) ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ወደ ጉድጓዱ ፈሳሽ ገፍተን ስንጨርስ የዌልሄዱን (የጉድጓዱን አፍ) ቫልቭ ዘጋን፤ መስመሩንም ፓምፑ አጠገብ ባለው ቫልቭ አስተነፈስን። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ አነበበ። ወደ ዌልሄዱ ተጠግቶ ያለውን ባለ 2 ኢንች ሀመር ዩኒየን (በመዶሻ የሚጠብቅና የሚፈታ ባለ ክንፍ የቧንቧ ማያያዣ) በመዶሻ ስንመታው ግን በኃይል ፈነዳና መስመሩ ከመሬት ተነሣ። ሰው አልተጎዳም። ጌጁ ዜሮ እያለ ግፊቱ ከየት መጣ? በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ 5,000 ጫማ ላይ የተቀመጠ ብሪጅ ፕለግ (ጉድጓዱን ከመሐሉ የሚደፍን መሰኪያ) ልናወጣ ነው፤ ከሥሩ ጋዝ ሊኖር ይችላል ይባላል። ምን ላስተውል? ምንስ ልጠይቅ?»

ምላሽ፦

ሰው ሳይጎዳ ማለፉ ትልቅ ነገር ነው፤ በእንዲህ ያለ አጋጣሚ እጅ፣ ፊትና ሕይወት ጠፍቷል። አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ጌጁ አልዋሸ ይሆናል፣ ያነበበው ግን እናንተ የከፈታችሁትን ክፍል አይደለም። ጌጅ የሚናገረው በክፍት መንገድ ስለተገናኘው ስፍራ ብቻ ነው። በመካከል የተዘጋ ቫልቭ፣ ቼክ ቫልቭ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ የአሸዋ ድፍን ወይም በረዶ ካለ ከዚያ ወዲያ ያለው ግፊት ለእሱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ «መስመሩ ተንፍሷል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ይህ መስመር ስንት የተዘጉ ክፍሎች አሉት? እያንዳንዱስ በየት በኩል ተነፈሰ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቼክ ቫልቩ ነው። ከፓምፕ ወደ ጉድጓድ በሚሄድ መስመር ላይ፣ ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ዌልሄዱ ተጠግቶ ቼክ ቫልቭ ይገጠማል። ፓምፑ ሲቆም ምላሱ ይዘጋል። ዌልሄዱን ዘግታችሁ በፓምፑ በኩል ስታስተነፍሱ ከፓምፑ እስከ ቼክ ቫልቩ ያለው ክፍል ባዶ ሆነ፤ ከቼክ ቫልቩ እስከ ዌልሄዱ ቫልቭ ያለው አጭር ቁራጭ ግን ዌልሄዱ በተዘጋበት ሰዓት የነበረውን ግፊት እንደያዘ ቀረ። ጌጁም ማስተንፈሻውም ያሉት በፓምፑ በኩል ስለነበር ሁለቱም እውነት ተናገሩ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከቼክ ቫልቩ በጉድጓዱ በኩል የራሱ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ)፣ የራሱ ማስተንፈሻ ቫልቭና የራሱ ጌጅ ይገጠምለት። ይህ የሌለው መስመር ገና ሲገጣጠም ስህተት ያለበት መስመር ነው፤ ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ያንን ቁራጭ በደህና ባዶ የሚያደርግበት መንገድ የለውም።

ሌሎች ሦስት ምክንያቶችም ይቻላሉ። የዌልሄዱ ቫልቭ ተዘግቶም እያሾለከ ከሆነ ክፍሉ ከተነፈሰ በኋላ ቀስ በቀስ እንደገና ይሞላል። መስመሩ ውስጥ አሸዋ ወይም ፓራፊን ተከማችቶ ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ጌጁ ራሱ፣ ወይም ወደ ጌጁ የሚወስደው ቀጭን ቀዳዳ፣ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደነበር አወጣጡ ይጠቁማል፤ አንድ ጊዜ ፈንድቶ ወዲያው ጸጥ ካለ ታፍኖ የቀረ ትንሽ መጠን ነበር፣ ከፈነዳ በኋላ እየነፈሰ ከቀጠለ ግን ቫልቩ ያሾልካል፣ ጉድጓዱም በእናንተ በኩል ክፍት ነው። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ለኃላፊው መናገር አለበት፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው እርምጃ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ትንሽ ቁጥር፣ ትልቅ ኃይል

ሰው በጌጅ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ሲያይ ይዘናጋል። ኃይል ግን ግፊት በስፋት ሲባዛ ነው። ውስጡ 2 ኢንች የሆነ መስመር 3.14 ካሬ ኢንች ስፋት አለው፤ 1,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ታፍኖ ከቀረ 3,140 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,400 ኪሎ በላይ ይገፋል። ወደ ትላልቁ ቀዳዳ ሲኬድ ነገሩ ይብሳል። ባለ 11 ኢንች ቀዳዳ 95 ካሬ ኢንች ነው። እዚያ ላይ 100 ፒኤስአይ ብቻ፣ ማንም «ይህማ ምንም አይደለም» የሚለው ግፊት፣ 9,500 ፓውንድ ወይም ከ4 ቶን በላይ ነው። የአብዛኞቹ ባለ 10,000 ፒኤስአይ ጌጆች የስህተት መጠን ደግሞ ከሙሉ ልኬታቸው 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ ያ ራሱ 100 ፒኤስአይ ነው። እንዲህ ያለ ጌጅ «ዜሮ» ሲል ያ 4 ቶን ከሥሩ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ከማስተንፈስ በኋላ ዜሮን ለማረጋገጥ ዝቅተኛ ልኬት ያለው ሁለተኛ ጌጅ የሚያስፈልገው። እሱም በራሱ መዝጊያ ቫልቭ ተጠብቆ የሚከፈተው ትልቁ ጌጅ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ግፊት ይሰበራል።

የታፈነው ነገር ጋዝ ይሁን ፈሳሽ መሆኑም ልዩነት ያመጣል። 1 ሊትር ውሃ በ100 ባር (ወደ 1,450 ፒኤስአይ) ሲታመቅ የሚያከማቸው ጉልበት 23 ጁል አካባቢ ነው። ያው 1 ሊትር ናይትሮጂን ቢሆን ወደ 25,000 ጁል ይሆናል፤ ሺህ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ውሃ ጥቂት ጠብታ እንዳለፈ ግፊቱ ይወድቃል። ጋዝ ግን እየተለጠጠ መግፋቱን ይቀጥላል፣ የፈታውን ብረትም ከፊቱ ይዞ ይሄዳል። የግፊት ፍተሻ በውሃ የሚደረገው፣ ከፍተሻው በፊትም በመስመሩ ውስጥ ያለው አየር ተጠርጎ እንዲወጣ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ ነው ተብሎ ከላይ በኩል የአየር ኪስ የቀረበት መስመር እንደ ጋዝ መስመር ነው የሚታየው።

የሚደበቅባቸው ቦታዎች

በጥገና ሪግ ላይ ግፊት የሚታፈንባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ብዙ ሰው የማያስባቸውን ላንሳ።

የጌት ቫልቭ ሆድ። ጌት ቫልቭ (መዝጊያው እንደ ሳንቃ ወርዶ የሚዘጋ ቫልቭ) ሲዘጋ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ክፍተት ከሁለቱም ወገን ተነጥሎ ግፊት ሊይዝ ይችላል። ላይና ታቹ ዜሮ ሆኖ ሆዱ ሙሉ ነው። ስለዚህ የቦኔቱን (የቫልቩን ክዳን) ብሎን ወይም የግሪስ ፊቲንጉን በዘፈቀደ መፍታት አደገኛ ነው። ግሪስ ፊቲንግ በውስጡ ትንሽ ቼክ አለው፤ እሱ ከተበላሸ ፊቲንጉ እንደ ጥይት ይወጣል። ሆዱ የሚተነፍሰው ለዚያ በተሠራ ማስተንፈሻ መሣሪያ ብቻ ነው።

ቡል ፕለግ። በኬሲንግ (የጉድጓዱ የውጪ ቧንቧ) ቫልቭ ጫፍ ላይ የሚታሰር ድፍን መሰኪያ ከጀርባው ምን እንዳለ አያሳይም። ቫልቩ ለወራት ትንሽ ትንሽ ሲያሾልክ ከኖረ በቫልቩና በመሰኪያው መካከል ያለው ስፍራ ከኬሲንጉ ጋር እኩል ሆኗል። በጥርስ (በጠመዝማዛ ክር) የታሰረ ስለሆነ በቁልፍ ሲፈታ እየላላ ይሄድና የቀሩት ጥቂት ጥርሶች መሸከም ሲያቅታቸው ተወንጭፎ ይወጣል፤ የሚፈታው ሰው ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ቡል ፕለግ ሁሉ መሐሉ ተበስቶ ኒድል ቫልቭ (ቀስ ብሎ የሚያስተነፍስ ጠባብ ቫልቭ) ሊገጠምበት ይገባል። ድፍኑን ካገኙ በእጅዎ ከመንካትዎ በፊት ለኃላፊው ያሳውቁ። ሲፈታም በጎን ቆሞ እንጂ ከፊቱ አይደለም።

በቱቢንግ ሀንገር (በኬሲንጉ ውስጥ ያለውን ቀጭን ቧንቧ፣ ቱቢንጉን፣ ዌልሄዱ ላይ በሚያንጠለጥለው ክፍል) ውስጥ የሚቀመጠው ባክ ፕረሸር ቫልቭ። ሥራው ከታች የሚመጣውን ግፊት መያዝ ነውና ከላዩ ዜሮ መሆኑ ከሥሩ ምን እንዳለ አይነግርም። ትንሽ ካሾለከ ደግሞ ከላዩ እስከ ትሪው (በዌልሄዱ ላይ እስከተደረደሩት ቫልቮች) ቫልቭ ወይም ካፕ ድረስ ያለውን ይሞላል። ሀንገሩን የሚይዙት የዳር ብሎኖችም እንዲሁ ናቸው። ዙሪያቸውን ግፊት የሚያትመው ፓኪንግ በግላንድ ነት የተያዘ ስለሆነ ብሎኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ግላንዱ አብሮ እየዞረ እንዳይፈታ መያዝ ያስፈልጋል። ከተፈታ የኬሲንጉ ግፊት በዚያ ቀዳዳ ይወጣል።

የቢኦፒ (ጉድጓዱ ግፊት ሲያወጣ የሚዘጋው ትልቅ ቫልቭ) አኩሙሌተር፣ ማለትም ቢኦፒውን የሚዘጋው ዘይት በግፊት የሚከማችበት። 3,000 ፒኤስአይ በሚሠራ የተለመደ አኩሙሌተር ውስጥ ጠርሙሶቹ አስቀድመው በ1,000 ፒኤስአይ ናይትሮጂን ይሞላሉ። ዘይቱ ሁሉ ወደ ታንኩ ተመልሶ የሲስተሙ ጌጅ ዜሮ ሲያነብ ናይትሮጂኑ ከነ1,000ው እዚያው አለ። የፓምፕ ፐልሴሽን ዳምፐርም (የፓምፑን ምት የሚያለዝበው) በዚሁ መልክ ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን እሱ ባዶ አይደለም።

የተተኮሰ የፐርፎሬቲንግ ገን (ኬሲንጉን በፈንጂ የሚበሳ መሣሪያ) ከጉድጓድ ሲወጣ ቀዳዳዎቹ በፍርስራሽ ተደፍነው በውስጡ ግፊት ይዞ ሊወጣ ይችላል። የገን ጫፍ የሚፈታው የዚያ ሙያ ሰው ነው፤ ሌላው ይራቅ። የሳከር ሮድ ፓምፕም (ነዳጁን በዘንግ የሚስበው) ሁለቱ ኳስ ቫልቮቹ ከተያዙ በመካከላቸው ጋዝ እንዳፈነ ወደ ወርክሾፕ ይሄዳል።

ድፍን የሆነ ቱቢንግ ሌላው ነው። ፓራፊን ወይም አሸዋ የደፈነውን ቱቢንግ ስታወጡ ፈሳሹ ከውስጡ ስለማይወርድ «እርጥብ» ይወጣል፤ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከድፍኑ በታች ጋዝ ተይዞ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ፣ ውጪ ያለው ፈሳሽ ክብደት ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው ግፊት ግን እንደ ነበረ ነው። ወለሉ ላይ ቁልፍ ሲያርፍበት ጥልቅ ሳለ የነበረውን ግፊት ይዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቧንቧ ይቆማል፣ በሆት ታፕ (ግፊት እንዳለ በሚበሳ መሣሪያ) ወይም በሌላ የታወቀ ዘዴ ተበስቶ በቁጥጥር ይተነፍሳል እንጂ በቁልፍ አይከፈትም። ሁለት ወገኑ የተደፈነ ቧንቧ በእሳትም በእንፋሎትም አይሞቅም።

ሃይድሬት ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ጋዝና ውሃ በግፊት ሥር አብረው ሲቀዘቅዙ በረዶ የሚመስል ጠጣር ይሠራሉ፣ ለዚህም ውሃው ራሱ በረዶ እስኪሆን መጠበቅ የለበትም። ለሚቴን 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ወደ 40 ባር፣ ማለትም 580 ፒኤስአይ ገደማ ይበቃል። ጋዝ በጠባብ ቫልቭ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ በምዕራብ ቴክሳስ ክረምት ብቻ ሳይሆን በሙቅ ቀንም ኒድል ቫልቩ ላይ አመዳይ ሲጋገር ይታያል። ያን ጊዜ መውጫው ይደፈናል፣ የሚነፍሰው ድምፅ ይቆማል፣ ጌጁ ከድፍኑ በኋላ ከሆነ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ሠራተኛውም «አለቀ» ይላል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ በድንገት ከቆመ አልቋል ማለት አይደለም፣ ተደፍኗል ብለው ይነሱ። ድፍኑ ሲለቅም እንደ ፒስተን ይወነጨፋልና ከመስመሩ ጫፍና ከክርኖቹ አቅጣጫ ራቁ። ሃይድሬትን መሐሉ ላይ ማሞቅ ክልክል ነው፤ 1 ሜትር ኩብ ሃይድሬት ሲቀልጥ ወደ 160 ሜትር ኩብ ጋዝ ይለቃል፣ በሁለት ድፍን ጫፎች መካከል ከለቀቀው ቧንቧውን ይቀደዋል። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱም ወገን ግፊቱን እኩልና ቀስ ብሎ መቀነስ፣ ሜታኖል ወይም ግላይኮል ማስገባትና መታገሥ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ማስተንፈስ ድፍኑን ወደዚያው መተኮስ ነው።

ዜሮን ማረጋገጥ

ሥራው የሚጀምረው በወረቀት ነው። መስመሩን ከፓምፕ እስከ ጉድጓድ ሣሉት፤ ሊዘጋ የሚችለውን ሁሉ፣ ቼክ ቫልቩንም ጭምር፣ ምልክት አድርጉበት። በሁለት መዝጊያዎች መካከል ያለው እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ክፍል ነው። ማስተንፈሻ የሌለው ክፍል ከተገኘ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ይስተካከላል።

ከማስተንፈስ በፊት ጌጁ ግፊት ሲያነብ እዩት። ሕያው መሆኑ ያልታወቀ ጌጅ ዜሮ ማንበቡ ምንም አያረጋግጥም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሞከሪያውን አስቀድሞ በሚሠራ ሽቦ ላይ እንደሚፈትነው ሁሉ እዚህም ግድ ነው። ከዚያ ከጉድጓዱ የሚለየው መዝጊያ አንድ ሳይሆን ሁለት ይሁን፤ በመካከላቸውም ማስተንፈሻው ክፍት ሆኖ ይቆይ። የመጀመሪያው ቫልቭ ቢያሾልክ በዚያ በኩል ወጥቶ ይታያል እንጂ ወደ እናንተ አይመጣም። ማስተንፈስ በቾክ (ፍሰትን በሚያጠብ ቫልቭ) ወይም በኒድል ቫልቭ ቀስ ተብሎ ነው። ጌት ቫልቭ በግማሽ ተከፍቶ ለዚህ ሥራ አይውልም፣ በፍሰት ይቆረጣል፣ ከዚያም አይዘጋም። የማስተንፈሻው መስመር እስከ ታንኩ ወይም እስከ ፍሌሩ (ጋዝ ማቃጠያው) ድረስ በመልህቅ ይታሰር። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ባለበት አካባቢ ነፋሱን ማወቅና በሰውነት ላይ የሚሠራ መለኪያ መያዝ ግድ ነው፤ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ለሕይወት ፈጥኖ አደገኛ ከሚባለው ደረጃ የሚደርስ ነው፣ ማሽተት የሚያቅተውም በዚያው አካባቢ ነውና አፍንጫ አይታመንም።

ጌጁ ዜሮ ሲደርስ ማስተንፈሻውን ዝጉና ጠብቁ። እንደገና ከወጣ የሚያሾልክ አለ። ምን ያህል ይጠበቃል የሚለውን የሥራው መመሪያ ይወስናል፤ 15 ደቂቃ ያህል የተለመደ መነሻ ሲሆን ትልቅ መጠን ወይም ቀርፋፋ ፍሳሽ ባለበት ግን አይበቃም። ካልወጣ ማስተንፈሻውን መልሳችሁ ክፈቱና ሥራው እስኪያልቅ ክፍት ይቆይ። ጥቂት ፈሳሽ እንኳ ካልወጣበት መውጫው መደፈኑን ተጠራጠሩ። ሽቦ ወይም ስክሩድራይቨር አስገብቶ መጎርጎር ግን የለም፣ የሚለቀው ግፊት በዚያው መስመር ወደ ፊት ነው የሚመጣው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ዩኒየኑ ግፊት እንዳለበት ተቆጥሮ ይፈታል። ከመስመሩ በላይ ሳይሆን በጎኑ ይቆሙ፤ መስመሩን በሁለት እግርዎ መካከል አድርገው አይቁሙ። ክንፉ ከወትሮው ይልቅ አልፈታ ካለ መዶሻውን ከማክበድዎ በፊት ይቁሙ፣ ከውስጥ የሚገፋው ኃይል ጥርሱን አጥብቆ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሲላላ ጥቂት ዙር ብቻ ይፍቱት፤ ጥርሶቹ ገና ተያይዘው ሳለ መስመሩን ነቅንቀው ማኅተሙን ያላቁ። የቀረ ካለ በዚያ ይተነፍሳል፣ ክንፉም ይይዘዋል። እግረ መንገዴን፣ ባለ 2 ኢንች 602 እና 1502 ዩኒየኖች እርስ በርስ የተያያዙ መስለው ሊታሰሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው 6,000፣ ሁለተኛው 15,000 ፒኤስአይ ነው፤ ተቀላቅለው ከታሰሩ ጥርሱ በቂ ስላልያዘ በግፊት ይለያያሉ። በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ የፍሎርሃንድም ሥራ ነው።

ብሪጅ ፕለጉ

በሚቀጥለው ሳምንት ያለው ሥራ ከዩኒየኑ የሚከብድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማረጋገጫ «ጉድጓዱ በከባድ ፈሳሽ ተገድሏል (ግፊቱ በፈሳሹ ክብደት ተይዟል)፣ ችግር የለም» የሚል ነው። ይህ ማረጋገጫ ፕለጉ ላይ የማይሠራበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፣ የእናንተን ከጉድጓዱ ፋይል ይጠይቁ።

የነዳጁ ንብርብር 8,000 ጫማ ላይ፣ ግፊቱም 3,800 ፒኤስአይ ነው እንበል። ይህን የሚመዝን ፈሳሽ በጋሎን 9.13 ፓውንድ ይከብዳል (ፒኤስአይ ማለት 0.052 ሲባዛ በክብደቱ ሲባዛ በጫማው ነው)። ፕለጉ ግን 5,000 ጫማ ላይ ነው። ከላዩ ያለው ፈሳሽ እዚያ ላይ የሚጫነው 2,375 ፒኤስአይ ብቻ ነው። ከሥሩ ደግሞ ጋዝ ተሰብስቦ እስከ ንብርብሩ ድረስ ሞልቶ ከሆነ፣ ጋዝ ቀላል ስለሆነ በየጫማው ወደ 0.1 ፒኤስአይ ብቻ ይቀንሳል፤ በ3,000 ጫማ 300። ስለዚህ ከፕለጉ ሥር 3,500 ፒኤስአይ አለ። ልዩነቱ 1,125 ፒኤስአይ ወደ ላይ ነው፣ ንብርብሩን በትክክል በሚመዝን ፈሳሽ እንኳ።

ባለ 7 ኢንች፣ በጫማ 23 ፓውንድ የሚመዝን ኬሲንግ ውስጡ 6.366 ኢንች፣ ስፋቱም 31.83 ካሬ ኢንች ነው። 1,125 ሲባዛ በ31.83 ወደ 35,800 ፓውንድ፣ 16 ቶን ገደማ ይሆናል። በላዩ ያለው 5,000 ጫማ ባለ 2⅞ ኢንች ቱቢንግ፣ በጫማ 6.5 ፓውንድ፣ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ወደ 28,000 ፓውንድ ይመዝናል። ኬሲንጉን ነክሶ የሚይዘው የፕለጉ መንጋጋ ከተላቀቀ፣ ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ ግን ገና እያተመ ከሆነ፣ ቧንቧው በ7,800 ፓውንድ ትርፍ ኃይል ወደ ላይ ይነሣል። ፕለጉ 1,000 ጫማ ላይ ቢሆን የቧንቧው ክብደት ከ6,000 ፓውንድ በታች ነው፤ ጥልቀቱ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ስለዚህ ፕለጉ ከመላቀቁ በፊት ከላይና ከታች እኩል መሆን አለበት። መጀመሪያ በላዩ ያለው አሸዋ ሁሉ ታጥቦ ይወጣል፤ አሸዋ ከቀረ ፕለጉን ሊያወጣ በቧንቧው ጫፍ የወረደው መያዣ በደንብ አይቆልፍም፣ የማመጣጠኛው ቀዳዳም ይደፈናል። ከተቆለፈ በኋላ ቢኦፒው ተዘግቶ ከላይ በፓምፕ ግፊት ይጨመራል፣ በምሳሌያችን 1,125 ፒኤስአይ። ከዚያ የፕለጉ ማመጣጠኛ ቫልቭ ይከፈትና ይጠበቃል፤ ቱቢንጉም ኬሲንጉም በየጌጃቸው ይታያሉ። ግፊቱ ከወጣ ከሥር ከተገመተው በላይ ነበር፣ ከወረደ ያነሰ ነበር። ሁለቱ ጌጆች ረግተው በፈሳሹ ሚዛን እስኪስማሙ ድረስ ማንም አያላቅቅም። ከተላቀቀም በኋላ ጋዙ አልጠፋም፣ ወይ በቾክ በቁጥጥር ይዞራል ወይ ወደ ንብርብሩ ተመልሶ ይገፋል። 3,000 ፒኤስአይ ላይ 1 በርሜል የነበረ ጋዝ ላይ ሲደርስ ወደ 200 በርሜል ይሆናልና ተረስቶ የተተወ ትንሽ አረፋ ወለሉ ላይ ትንሽ አይደለም።

ፕለጉ ተፈልፍሎ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ማመጣጠኛ የለውም፤ መፈልፈያው በሚበሳበት ቅጽበት ግፊቱ ይመጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቢኦፒው በቧንቧው ዙሪያ ግፊት እንደያዘ መሥራት የሚያስችል መሣሪያ፣ በመፈልፈያው ቧንቧም ውስጥ ቼክ ቫልቭ ሊኖር ይገባል።

የሚጠይቁት እነዚህን ነው። ከፕለጉ ሥር ያለው ግፊት ስንት ተብሎ ተገመተ፣ ግምቱስ ጋዝ እስከ ፕለጉ ድረስ ሞልቷል ብሎ ነው ወይስ ፈሳሽ? ልዩነቱ በቧንቧው ክብደት ሲመዘን የቱ ይበልጣል? ማመጣጠኛው እንዴት ይከፈታል፣ መከፈቱስ በምን ይታወቃል? የቢኦፒው ራም (በቧንቧው ዙሪያ የሚዘጋው ክፍል) ከቧንቧው ልክ ጋር ይስማማል፣ መቼስ ተፈተሸ? ለወለሉ የሚሆን ሙሉ ክፍት የሴፍቲ ቫልቭ ከነቁልፉ፣ ክፍት ሆኖ፣ ለቧንቧው በሚስማማ ጥርስ ተዘጋጅቷል? መልስ የሌለው ጥያቄ ከተገኘ ሥራው አልደረሰም።

ሁለት ጌጆች ሲለያዩ ምን ይደረጋል የሚለውም መጠየቅ አለበት። ሚያዝያ 20 ቀን 2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በማኮንዶ ጉድጓድ ላይ ዲፕዎተር ሆራይዘን በተባለው ሪግ የተደረገው ፍተሻ በድሪል ፓይፑ (በመቆፈሪያው ቧንቧ) 1,400 ፒኤስአይ፣ በኪል ላይኑ (ወደ ጉድጓዱ ፈሳሽ በሚገፋበት የጎን መስመር) ዜሮ አሳየ። ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ ጋር የተገናኙ ነበሩ። ለ1,400ው ሌላ ማብራሪያ ተሰጥቶት ዜሮው ታመነ፤ ፍንዳታው በዚያው ምሽት ሆነ፣ 11 ሰዎች ሞቱ። ጌጆች ካልተስማሙ ምክንያቱ እስኪገኝ ከፍተኛው እውነት ነው ተብሎ ይሠራል።

ስለ መብትዎና ስለ ጉዳት

የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ አደገኛ ኃይልን ስለ መቆለፍ ያወጣው 1910.147 የተባለው ደንብ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ቁፋሮና ጥገናን በግልጽ ከራሱ ውጪ አድርጓል። ስለዚህ በፋብሪካ የሠራ ሰው የለመደው መሣሪያን መቆለፍና የማስጠንቀቂያ ታግ ማንጠልጠል እዚህ በዚያ ደንብ አይገደድም፤ የሚጠብቃችሁ የኩባንያው የራሱ መመሪያና እንደ ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት) አርፒ 54 ያሉ የዘርፉ መመሪያዎች ናቸው። አሠሪው የታወቀ አደጋን የማስወገድ አጠቃላይ ግዴታው ግን አልተነሣለትም። ሥልጠናም በሚገባዎት ቋንቋ ሊሰጥ ይገባል፤ ስብሰባው ላይ ያልገባዎት ነገር ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ስለ ደኅንነት ስለተናገሩ ከተቀጡ ለኦሻ አቤት የሚባልበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጉዳት አንድ ነገር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣ ፈሳሽ 100 ፒኤስአይ አካባቢ እንኳ ቆዳ ሊበሳ ይችላል። ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም፣ በካርቶን ወይም በእንጨት ነው። የተበሳው ቦታ በመርፌ የተወጋ ያህል ትንሽ ሆና መጀመሪያ ላይም ላታም ትችላለች፤ ውስጥ የገባው ዘይት ወይም ኬሚካል ግን በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት ወይም እጅ የሚቆረጠውም በመዘግየት ነው። ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ «በከፍተኛ ግፊት ፈሳሽ ገብቶብኛል፣ የእጅ ቀዶ ሐኪም እፈልጋለሁ» ብለው ይንገሩ፣ የፈሳሹን የኬሚካል መረጃ ወረቀትም ይዘው ይሂዱ።